በጉሮሮ የቀረችው እፉኝት

እናቴ መድኃኒቶቿን የምታስቀምጠው ድሮ ብስኩት በነበረበት የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ነው። ያለፈው ሕማማት ሰሞን ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ስገለብጠው ከፕላስተሩና ከራስ ምታት ክኒኑ መሀል ሁለት ነገር ወጣ፦ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ የኢናላፕሪል እሽግና ክዳኑ ነጭ የሆነ ብርቱካንማ ብልቃጥ። ብልቃጡን የላከችላት ሜሪላንድ ያለችው የእህቷ ልጅ ናት። ላዩ ላይ ሎሳርታን ተብሎ ተጽፏል፤ የታዘዘለት ሰው ስም ግን የእናቴ አይደለም፣ የእህቷ ልጅ ባል ነው።

«ሁለቱንም ነው የምውጠው» አለችኝ። «ያኛው የጤና ጣቢያው ነው፣ ይሄኛው የአሜሪካው። ይረዳዳሉ።»

ጣሳውን ያስገለበጠኝ ከአንድ ቀን በፊት የሆነው ነገር ነው። ስግደት ላይ ቆይታ ቀና ስትል ዓይኗ ጨለመባት፤ አጠገቧ የነበሩ ሴቶች ባይይዟት ኖሮ ወድቃ ነበር። ጾሙ ነው ተባለ። እሷም ጾሙ ነው አለች። እኔም ብልቃጡን እስካይ ድረስ ጾሙ ነው ብዬ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ኅዳር ላይ ነው። ግፊቷ በተደጋጋሚ ሲለካ ከ140 በ90 በላይ ስለሆነ ኢናላፕሪል ታዘዘላት። የገና በዓል ሲደርስ መሳል ጀመረች። ሳሉ ደረቅ ነው፤ ጉሮሮዋ ሥር ላባ እንደገባ ሁሉ ይኮረኩራታል፣ በተለይ ማታ ጋደም ስትል። ወቅቱ ብርድ ነውና ጉንፋን ተባለ፤ ዝንጅብሉ፣ ማሩ፣ ጤና አዳሙ ተፈራረቀ። ጥር ላይ አሞክሲሲሊን ተሰጣት። የካቲት ላይ ሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥሮ አክታ አምጪ ተባለች። ደረቅ ሳል ነው እኮ፣ አክታውን ከየት ታምጣው? ራጅ ተነሣች፤ ሳንባዋ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ሁሉ ደጅ መጥናት ውስጥ «ለግፊትዎ ምን ይወስዳሉ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሳሏን በስልክ የሰማችው የእህቷ ልጅ ናት ነገሩን የያዘችው፦ «ይሄ የመድኃኒቱ ሳል ነው፤ እኛ ጋ በሎሳርታን ይቀይሩታል» አለቻት። ብልቃጡም በሰው እጅ መጣ። መቀየር የሚለው ቃል ግን መንገድ ላይ ጠፋ። «ሐኪም ያዘዘውን እንዴት ብዬ ነው የማቆመው?» አለችኝ እናቴ።

ሁለቱንም ይዘን ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቤት ሄድን። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ወጣት እሽጉንና ብልቃጡን ጎን ለጎን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለችና፣ «እማማ፣ እነዚህ እኮ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው» አለቻት። «አንዱ ካለ ሌላው አይገባም። ዛሬውኑ ሐኪምዎ ይያቸው።»

የአንድ ቤት ልጆች የሚለው አባባል በደንብ ይገልጻቸዋል። ቤተሰባቸው ከስማቸው ጭራ ይታወቃል። ኢናላፕሪል፣ ሊዚኖፕሪል፣ ካፕቶፕሪል፣ ራሚፕሪል በ«ፕሪል» ያልቃሉ። ሎሳርታን፣ ቫልሳርታን፣ ካንዴሳርታን፣ ቴልሚሳርታን ደግሞ በ«ሳርታን»። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ወንዝ ላይ ነው፤ ወንዙ የሚነሣው ከኩላሊት ነው።

በ1898 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስቶክሆልም ውስጥ ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር ቤርግማን የሚባሉ ሰዎች የጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ጭማቂውን ሌላ ጥንቸል ሲወጉት የደም ግፊቱ ሽቅብ ወጣ። በጭማቂው ውስጥ ያለውን ነገር ሬኒን አሉት። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። አሁን የምናውቀው ታሪክ እንዲህ ነው። ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያነሰ ሲመስለው ሬኒን ይለቃል። ሬኒን ጉበት የሠራውን አንድ ትልቅ ፕሮቲን ይቆርጥና አንጂዮቴንሲን 1 የሚባል ቁራጭ ያወጣል። ይህ ቁራጭ ብቻውን እዚህ ግባ የሚባል ጉልበት የለውም። በሳንባ የደም ሥሮች ሲያልፍ ግን አንድ ኢንዛይም እንደ መቀስ ጫፉን ይከረክመውና አንጂዮቴንሲን 2 ያደርገዋል። ይሄኛው ቀልድ አያውቅም። የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠውን ዕጢ ቀስቅሶ አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን ያስለቅቃል፤ አልዶስቴሮን ደግሞ ኩላሊትን «ጨው እንዳታስወጣ» ይለዋል። ጨው ባለበት ውኃ ይከተላል፣ ግፊቱም ይወጣል።

ሰውነታችን ይህን ያበጀው ለክፉ ቀን ነው፤ ለሚደማ፣ ለሚጠማ፣ ጨው ላጣ ሰው። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ይመነዘርበት በነበረበት አገር ጨው መቋጠር ሞኝነት አልነበረም። ዛሬ ጨው በማንኪያ እየተዛቀ ወጥ ውስጥ ሲገባም ኩላሊታችን ያንኑ የአሞሌ ዘመን ቁጠባውን አልተወም።

አንጂዮቴንሲን የሚለው ስም ራሱ የእርቅ ስም ነው። በ1940 አካባቢ ቦነስ አይረስ ያለ ቡድንና ኢንዲያናፖሊስ ያለ ቡድን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ይህን ነገር አገኙት። አንዱ ሃይፐርቴንሲን፣ ሌላው አንጂዮቶኒን አለው። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በሁለት ስም ሲጠራ ቆይቶ በ1958 ከያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ ተወሰደ። እንዲህ ባለ ሽምግልና የተገኘ የሳይንስ ስም ብዙ አላውቅም።

ወደ መድኃኒቶቹ ስንመለስ፣ አንጂዮቴንሲን 2ን እንደ አዋጅ እንየው። ፕሪሎች አዋጁ እንዳይጻፍ ጸሐፊውን ያስራሉ፤ ማለትም መቀሱን ኢንዛይም ይይዙታል። ሳርታኖች ጸሐፊውን አይነኩትም። አዋጁ ይጻፍ፣ ነጋሪቱም ይጎሰም ይላሉ፤ እነሱ የሚደፍኑት የሰሚውን ጆሮ ነው። አንጂዮቴንሲን 2 የሚያርፍበትን በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለ መቀበያ ቀድመው ይይዙበታል። በሁለቱም መንገድ የደም ሥር ይላላል፣ ጨውም ይወጣል። በግፊት መለኪያው ላይ የትኛው እንደተዋጠ መለየት አይቻልም።

እንግዲህ እናቴን አራት ወር ያሳላት ምንድን ነው? መቀሱ ሁለት ሥራ ስላለው ነው። አንጂዮቴንሲንን ከመከርከም ሌላ፣ ብራዲካይኒን የሚባል የደም ሥር የሚያላላ ነገርን ቆራርጦ ይጥላል። መቀሱ ሲታሰር ብራዲካይኒን የሚያስወግደው አጥቶ ይከማቻል። ይህ ለግፊቱ ደግ ነገር ነው፤ ጉሮሮና ሳንባ ላይ ግን የሳልን ነርቮች ይነካካል። ጆሮ ደፋኙ ሳርታን መቀሱን ስለማይነካ ብራዲካይኒን እንደ ወትሮው ይወገዳል። ልዩነታቸው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ብራዲካይኒን የተገኘበት ታሪክ ደግሞ የሚገርም ነው። ብራዚል ውስጥ ዣራራካ የምትባል እፉኝት አለች። የነደፈችው ሰው ግፊቱ ወርዶ ራሱን ይስታል። በ1949 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ማውሪሲዮ ሮቻ ኤ ሲልቫና ባልደረቦቹ መርዟን ከውሻ ደም ጋር ሲያገናኙ፣ ግፊት የሚጥል አዲስ ነገር ከደሙ ውስጥ ሲወጣ አዩ። ብራዲካይኒን ያሉት እሱን ነው። የሮቻ ኤ ሲልቫ ተማሪ የነበረው ሰርጂዮ ፌሬራ ቀጠለና በ1965 በዚያው መርዝ ውስጥ ብራዲካይኒን እንዳይጠፋ የሚያደርግ ሌላ ነገር መኖሩን ጻፈ። እፉኝቷ ሁለት ስለት ነበራት ማለት ነው፤ በአንዱ ብራዲካይኒን ታስለቅቃለች፣ በሌላው የለቀቀችው እንዳይፈርስ ትጠብቃለች።

ፌሬራ የመርዙን ጭማቂ ይዞ ለንደን ጆን ቬን ቤተ ሙከራ ገባ። እዚያ ጭማቂው ያንን መቀስ እንደሚያስር ታየ። ቬን የሚያማክረው ስኩዊብ የተባለ የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ነገሩን ያዘው። ከመርዙ የተገኘው ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ግን በአፍ ቢዋጥ ሆድ ውስጥ ይፈጫል፣ ስለዚህ በመርፌ ብቻ ነው የሚሰጠው። ዕድሜ ልኩን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በየቀኑ አይወጋም። ዴቪድ ከሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ የመቀሱን ቅርጽ በሐሳብ እየሳሉ፣ ስለቱ መሀል የምትሰነቀር ትንሽ ሞለኪውል በ1975 ሠሩ። ካፕቶፕሪል ነው። በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። መጀመሪያ ላይ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ሽፍታ ያመጣና ምላስን ጣዕም ያሳጣ ነበር። መርክ የተባለው ኩባንያ ለዚህ የተጠረጠረውን ድኝ ያለበት ክፍል አውጥቶ ኢናላፕሪልን ሠራ፤ እሱም በ1985 ተፈቀደ።

ሽፍታው ቀነሰ፣ ጣዕሙም ተመለሰ። ሳሉ ግን ቀረ፤ የሚመጣው ከሞለኪውሉ አንድ ክፍል ሳይሆን ከሥራው ከራሱ ነውና። እናቴ ሌሊት ስትስል የኖረችው ሮቻ ኤ ሲልቫ ከእፉኝቷ መርዝ ጀርባ ያገኘው ያው ብራዲካይኒን ጉሮሮዋ ላይ ተጠራቅሞ ነው። ይህን ስነግራት አማተበች።

ሎሳርታን ከእባብ ጋር ዘመድ አይደለም። የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ጆሮውን በደካማ አቅም የሚደፍኑ ሞለኪውሎችን ቀድሞ አግኝቶ ነበር፤ የአሜሪካው ዱፖንት ኬሚስቶች እነሱን መነሻ አድርገው በ1986 ሎሳርታንን ሠሩ። በ1995 ሲፈቀድ ከሳርታኖች ሁሉ የመጀመሪያው ሆነ። ስለዚህ ከካፕቶፕሪል በ14 ዓመት ታናሽ ነው፤ ታናሽነቱ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። እኛ ዘንድ አዲስ የወጣ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በብልቃጥ ያለ ክኒን ከጤና ጣቢያው እሽግ ይበልጣል ተብሎ ይታመናል። «ያኛው ኃይለኛ ነው» ይባላል።

ይህ በትልቅ ጥናት ተፈትኗል። በ2008 ውጤቱ የወጣው ኦንታርጌት የተባለው ጥናት በ40 አገሮች 25,620 ሰዎችን ይዞ ከአንዱ ቤት ራሚፕሪልን፣ ከሌላው ቴልሚሳርታንን አወዳደረ። ሰዎቹ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብና የደም ሥር በሽታ ወይም ጉዳት ያስከተለ ስኳር ያለባቸው ናቸው። አምስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ሲቆጠር፣ በልብና ደም ሥር በሽታ የሞተው፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የመታው፣ ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገባው በፕሪሉ በኩል ከመቶ 16.5፣ በሳርታኑ በኩል 16.7 ሆነ። እኩል ናቸው። በሳል ምክንያት መድኃኒቱን የተወው ግን በፕሪሉ 4.2 ከመቶ፣ በሳርታኑ 1.1 ከመቶ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ያልተስማማቸው ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። በተራው ሕክምና ፕሪል ከሚወስዱ መቶ ሰዎች ከአምስት እስከ ሃያ የሚሆኑት ይስላሉ ተብሎ ይገመታል፤ ሴቶች ደግሞ ይበዛሉ።

ያው ጥናት የእናቴንም ነገር መርምሮታል። ሦስተኛው ቡድን ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ ይወስድ ነበር፤ ጸሐፊውም ታስሮ፣ ጆሮውም ተደፍኖ። ግፊታቸው ትንሽ ይበልጥ ወረደ። ከበሽታና ከሞት ያተረፉት ግን ምንም የለም፤ 16.3 ከመቶ ነው። የተረፋቸው ግፊት ከመጠን በላይ መውረድ፣ ራስ መሳትና የኩላሊት መጎዳት ነው። «ይረዳዳሉ» የሚለው የእናቴ ሐሳብ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ታላላቅ ሐኪሞችም አስበውት ስህተት ሆኖ ያገኙት ነው። ስግደት ላይ ዓይኗን ያጨለመውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ባዶ ሆድ፣ ጥም፣ ጎንበስ ቀና ማለት፣ በዚያ ላይ ወንዙ በሁለት በኩል ተዘግቶ።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ሳርታን አይወስድም? ዋናው መልስ ልማድና ዋጋ ነው። ፕሪሎች ቀድመው ስለመጡ ቀድመው ረክሰዋል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም ቀድመው የገቡት እነሱ ናቸው። ማስረጃቸውም በአንዳንድ ቦታ የረዘመ ነው። በ1987 ኮንሰንሰስ የተባለ የስካንዲኔቪያ ጥናት፣ የልብ ድካማቸው እጅግ በበረታ 253 ሰዎች ላይ ኢናላፕሪልን ፈትኖ፣ በስድስት ወር ውስጥ የሞቱት ከመቶ 44 የነበሩት ወደ 26 መውረዳቸውን አሳየ። በዚያ ዘመን ለልብ ድካም እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሳርታኖችም በኩላቸው ስም አላቸው፤ ሎሳርታን በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የተጎዳ ኩላሊት ቶሎ እንዳይደክም ማድረጉ በ2001 ታይቷል። ለብቻውም አንድ ትንሽ ጸጋ አለው፣ ዩሪክ አሲድን በሽንት ያስወጣል። ሪህ ላለበት የሥጋ ወዳጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ኢናላፕሪል የማያስለው ሰው ኢናላፕሪሉን የሚተውበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያስለው ሰው ግን በሻይና በሽሮፕ ሊታገለው አይገባም። ሳሉ መድኃኒቱ ሳይቆም አይቆምም፤ ከቆመ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል፣ አንዳንዴ እስከ ሦስት ወር ይቆያል።

ከሳሉ ባነሰ ሰው ላይ የሚደርስ፣ ግን ከሳሉ የከፋ አንድ ነገር አለ። ያው ብራዲካይኒን አልፎ አልፎ ከንፈርን፣ ምላስንና ጉሮሮን በድንገት ያሳብጣል። ፕሪል ከሚወስዱ ሺህ ሰዎች መሀል ጥቂቶች ላይ የሚደርስ ነው፤ ጥቁሮች ላይ ግን ይበዛል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አገራችን ውስጥ ከንፈር ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠራው ምች ነው፣ መጀመሪያ የሚታሸውም ዳማከሴ። ፕሪል የሚወስድ ሰው ምላሱ ካበጠ ዳማከሴው ይቆየው፤ የመተንፈሻ በሩ ሳይዘጋ ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት፣ ፕሪልም ዳግመኛ አይነካም። ሳርታን ላይ ይህ እጅግ ብርቅ ነው።

የቀረው ሁሉ የጋራቸው ነው። ያረገዘች ሴት ሁለቱንም አትወስድም፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳሉና። ለማርገዝ ያሰበችም አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። ሁለቱም ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ስለዚህ ከተጀመሩ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ደም ተቀድቶ ፖታሲየሙና የኩላሊቱ ሥራ ይታያል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ጨው እንቀንስ ብለው የሚገዙት የጨው ምትክ አብዛኛው ፖታሲየም መሆኑን ልብ ይበሉ። እዚህ ደግሞ የሚያስፈራኝ ዲክሎፌናክ ነው። ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሁሉ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ይውጠዋል፤ ከፕሪል ወይም ከሳርታን ጋር፣ በተለይም ሽንት የሚያሸና ክኒን ከተጨመረበት፣ ኩላሊትን በአንድ ጊዜ ከሦስት አቅጣጫ ይመታል።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁለቱም ቤተሰብ ዝና ልክ ያበጅለታል። ጥቁሮች ላይ ሁለቱም ብቻቸውን ሲሰጡ ግፊት የማውረድ አቅማቸው በአማካይ ያነሰ ነው። ክሪዮል የተባለው ጥናት በስድስት የአፍሪካ አገሮች 728 ሰዎችን ይዞ በ2019 ያወጣው ውጤት፣ አምሎዲፒን የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ያለበት ጥምረት እሱ ከሌለበት እንደሚሻል አሳየ። ኢትዮጵያ ከስድስቱ አልነበረችም። ቢሆንም የእኛ ሐኪሞች አምሎዲፒንን የሚወዱት ያለ ነገር አይደለም፤ ፕሪሉ ወይም ሳርታኑ ብዙ ጊዜ ከእሱ ጎን ሲቆም ነው የሚያምርበት።

ጾም ላይ ሁለቱም ለየብቻቸው ሲወሰዱ ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም፤ በቀን አንዴ የታዘዙለት ሰው ሐኪሙን አማክሮ ወደ ማታ ሊያዞራቸው ይችላል። የሚያስቸግረው ጾም መጣ፣ ጠበል ገባሁ ብሎ ጨርሶ መተው ነው። ግፊት አያሳምምም፤ የማያሳምም በሽታን መድኃኒት መተው ደግሞ በጣም ይቀልላል።

እናቴ ሐኪሙ ዘንድ ቀረበች። ኢናላፕሪሉ ቀረ፣ ሎሳርታኑ በራሷ ስም ታዘዘ፣ ደሟ ተቀድቶ ኩላሊቷ ደህና ሆኖ ተገኘ። በዳግማይ ትንሣኤ ሳሉ ቀንሶ ነበር፤ ግንቦት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች። የሎሳርታኑ ዋጋ ግን አልተዋጠላትም፤ በየወሩ ከመድኃኒት ቤት ስትመለስ «ያኛው ነጻ ነበር» ትላለች።

ጎረቤታችን እትዬም እዚያው ጤና ጣቢያ ያንኑ ኢናላፕሪል ታዞላቸው ስድስት ዓመታቸው ነው። በቀደም ቡና ላይ እናቴ የእፉኝቷን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትተርክላቸው ፀጥ ብለው ሰሙና ጉሮሯቸውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «እኔን አንድ ቀን አስሎኝ አያውቅም» አሉ፤ ሁለተኛውን ሲኒም ተቀበሉ።